ጀርመንኛው ከበደኝ፣ ሙያዬን ልተወው?

«ሰላም እትዬ፣ እንደምን አሉ? 29 ዓመቴ ነው። ፋርማሲስት ነኝ። ጥቁር አንበሳ አካባቢ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት ስሠራ አምስት ዓመት አለፈኝ። ባለቤቴ የሚኖረው ፍራንክፈርት ነው፣ ከሄደ ስምንት ዓመቱ። እዚህ ሜካኒካል ኢንጂነር ነበር፤ እዚያ ኤርፖርቱ ጋ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ለቪዛው የሚጠየቀውን የጀማሪ ደረጃ የጀርመንኛ ፈተና፣ ኤ1ን፣ በሁለተኛው ሙከራ አለፍኩና አሁን ቀጠሮ እየጠበቅኩ ነው። ባለቤቴ ግን ‹ፋርማሲውን እርሺው። እኔ ስምንት ዓመት ኖሬ ያልቻልኩትን ቋንቋ አንቺ መቼ ችለሽው ነው መድኃኒት የምትሸጪው? ይልቅ ኮዲንግ ተማሪ፣ አይቲ በእንግሊዝኛ ነው የሚሠራው› ይለኛል። እኔ ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ መዋልን አስቤው አላውቅም፤ ሰው ማናገር ነው የምወደው። ግን ያ በየስሙ ፊት የሚገባው የጾታ መለያ፣ ዴር፣ ዲ፣ ዳስ የሚሉት ነገር ሲመጣብኝ እሱ ልክ ይመስለኛል። እርስዎ ምን ይሉኛል? ከፒያሳ።»

እህት ዓለም፣ ደብዳቤሽን አራት ኪሎ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ኮዲንግ ጠይቀሽኝ ስለ ፍርሃት ነው የጻፍሽልኝ።

መልሴን መጨረሻ ላይ እንዳትፈልጊው አሁኑኑ ላስቀድመው። ሙያሽን አትተዪ። ምናልባት ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ምክንያት ይመጣና ትተዪው ይሆናል፤ ያኔ እኔም እመርቅሻለሁ። ጀርመንኛ ከበደኝ ብለሽ ግን አትተዪው።

ይህን የምልሽ ተመችቶኝ አይደለም። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፣ የዛሬ 20 ዓመት ገደማ አሜሪካ ስሄድ በእንግሊዝኛዬ አልታማም ብዬ ነበር የሄድኩት። ሁለተኛ ደረጃውንም ኮሌጁንም በእንግሊዝኛ ተምሬ የለ! የእኛን ትምህርት መቼም ታውቂዋለሽ። ኖቱ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው በአማርኛ፣ ጥያቄ ያለው ተማሪ ደግሞ ዝም። አንዱ ደፍሮ ተነሥቶ ‹ሂ ጎ› ካለ ክፍሉ ሙሉ ይስቅበታል፣ ያ ልጅ እስኪመረቅ ድረስ ሁለተኛ እጁን አያወጣም። እኔ ከሳቂዎቹ ነበርኩ። ለዚህም ነው መሰለኝ እዚያ የደረሰብኝ።

የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ደረሰኝ መመዝገብ፣ አልፎ አልፎም ስልክ ማንሣት ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዲት ደንበኛ ደውላ ስሟን በፊደል ስትነግረኝ ‹ቢ አዝ ኢን ቦይ› አለችኝ። ‹ቦይ በሚለው ቃል ውስጥ ያለችው ቢ› ማለቷ ነው፣ እንዳልሳሳት ብላ። እኔ ታዲያ ደረሰኙ ላይ ‹ቦይ› ብዬ ጻፍኩላት። ወይዘሮ ቦይ! ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ክፋት አልነበረውም፣ አሁን ሳስታውሰው እኔም እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ሆዴ ውስጥ የሆነ በር ተዘጋ። ወር ሳይሞላ አለቃዬ ጋ ሄጄ ስልክ የሌለበት ሥራ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኩ። ነበረ። ምድር ቤት፣ ፋይል ክፍል። አራት ዓመት ተቀመጥኩበት። ሒሳቡን እኔ ያሳየኋት ልጅ፣ ሒሳቡ ላይ እንኳ ያን ያህል ያልሆነች፣ ስብሰባ ላይ አፏ ስለሚፈታላት ብቻ አለቃዬ ሆነች። ማንም ወደ ምድር ቤት አልገፋኝም። በገዛ እግሬ ነው ደረጃውን የወረድኩት።

ይሄ የእኔ ብቻ ታሪክ እንዳይመስልሽ። ጆቫኒ ፔሪ እና ቻድ ስፓርበር የሚባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን በ2011 ባወጡት ጥናት አሜሪካ ውስጥ ያሉ በጣም የተማሩ ሠራተኞችን አይተው ነበር። የውጭ ተወላጆቹ ቁጥርና ትንተና ወደሚበዛበት ሥራ ያደላሉ፣ የአገሬው ሰዎች ደግሞ መነጋገርና ማስረዳት ወደሚጠይቀው። ይህ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ሒሳብ ወድዶ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ይመቸው። ችግሩ ሰው ማናገር እየወደደ ከሰው ሸሽቶ ቁጥር ውስጥ የሚደበቀው ነው። አንቺ ደግሞ ሰው ማናገር እንደምትወጂ ሳልጠይቅሽ ነግረሽኛል።

አሁን ስለ ባለቤትሽ ላውራ፣ እንዳትቆጪኝ። ክፉ ሰው አይመስለኝም። እንደሚወድሽም ከደብዳቤሽ ይታያል። ግን ስለ ጀርመንኛ የነገረሽ የራሱን ቁስል ነው። ‹ስምንት ዓመት ኖሬ አልቻልኩትም› ሲል እውነቱን ነው፤ ግን ስምንቱን ዓመት የት ነበር የዋለው? መጋዘን ውስጥ። መጋዘን ውስጥ የምታስፈልግ ጀርመንኛ አንሣ፣ አስቀምጥ፣ እዚያ፣ ጨርሰሃል ናት። ሌሊት ሺፍት ሠርቶ ሲወጣ ከሐበሻ ጓደኞቹ ጋር ቡና፣ ቤት ሲገባ ዩቲዩብ በአማርኛ። ገና እንደሄደ ‹ለጊዜው ይሄን ልሥራ፣ ቋንቋውን ቀስ ብዬ እማራለሁ› ሳይል አልቀረም። ሁላችንም ብለናል። ቋንቋ የማይጠይቅ ሥራ ትልቁ ጣጣው ይሄ ነው፦ ቋንቋ አያስተምርሽም። ቋንቋ ስለሌለሽ ትገቢበታለሽ፣ ከገባሽ በኋላ ደግሞ ቋንቋ እንዳይኖርሽ ያደርግሻል፣ ደመወዙም በየወሩ ስለሚመጣ፣ እዚህ አገር ቤት ያለ ወንድምም የሚማረው በእሱ ስለሆነ፣ ለመውጣት የምትመርጪው ቀን ሁሌም ‹የሚቀጥለው ዓመት› ይሆናል። እሱ ሰነፍ አይደለም። የደከመው ሰው ነው።

እስኪ ሒሳቡን እናስላው፣ የቀድሞ ሙያዬም ስለሆነ። የቋንቋው መሰላል ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1 እያለ ነው የሚወጣው። ከዜሮ ተነሥቶ ቢ2 የሚባለው ደረጃ ለመድረስ ከ600 እስከ 800 የሚሆን ባለ 45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይፈጃል ይባላል። መካከሉን 700 እንበል። አንቺ ኤ1ን ስለጨረስሽ ከዚያ ላይ 150 ያህሉን ቀንሺ። 550 ቀረሽ። በሳምንት 15 ክፍለ ጊዜ ከተማርሽ 37 ሳምንት ነው። በወረቀት ላይ ዓመት አይሞላም! በተግባር ሰው ይታመማል፣ ሰርግ አለ፣ ልቅሶ አለ፣ ፈተና ይወደቃል። እጥፍ በይው፣ ዓመት ተኩል ይሁን። ባለቤትሽ የኖረው ግን ስምንት ዓመት ነው። አየሽ፣ ስምንት ዓመት የጀርመንኛ መለኪያ አይሆንም።

ሙያው የሚጠይቀውንም ልንገርሽ፣ በጭፍን እንዳትገቢበት። ጀርመን ውስጥ ፋርማሲስት ተብለሽ በሙሉ ፈቃድ ለመሥራት አፕሮባሲዮን የሚሉት ፈቃድ ያስፈልጋል። ለዚያ መጀመሪያ ጠቅላላ ጀርመንኛ ቢ2፣ ከዚያ ደግሞ በሲ1 ደረጃ የሙያ ቋንቋ ፈተና አለ፤ የፋርማሲስቶች ማኅበር የሚፈትነው። አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሦስት ክፍል አለው፦ ከታካሚ ጋር ንግግር፣ ከባለሙያ ጋር ንግግር፣ ከዚያ ጽሑፍ። ትምህርትሽ ከእነሱ ጋር እኩል ካልተባለልሽ ደግሞ የዕውቀት ፈተና ይጨመራል፣ እሱም በጀርመንኛ ነው። ቀላል ነው ብዬ አልዋሽሽም። ሁለት ሦስት ዓመት ሊወስድ ይችላል።

ግን እስኪ ያን ፈተና ደግመሽ ተመልከቺው። ከታካሚ ጋር ንግግር! ይሄ እኮ አንቺ በየቀኑ ጥቁር አንበሳ በር ላይ የምታደርጊው ነው። ማዘዣ ይዞ የመጣውን አባት ‹ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?›፣ ‹ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ?›፣ ‹ቢያሳክክዎት ቶሎ ይመለሱ› ትያቸዋለሽ። እዚያም የሚባለው ይኸው ነው። እንዲያውም ጀርመን አገር ተራውን የራስ ምታት ክኒን ፓራሲታሞልን ሳይቀር የሚሸጠው መድኃኒት ቤት ብቻ ስለሆነ ሰው ፋርማሲስቱ ጋ ቆሞ ያወራል፤ ፋርማሲስቱም የማማከር ግዴታ አለበት። ሥራው ግማሹ ወሬ ነው፣ ወሬ የምትወድ ሴት ያገኘችው ሥራ! ደግሞ አንዳንዱ ቃል ዘመድ ሆኖ ታገኚዋለሽ። እኛ የስኳር በሽታ እንደምንለው እነሱም በተለምዶ ስኳር፣ ጹከር ይሉታል። አንዳንዱ ደግሞ ያስቃል፤ ኑኽተርን ማለት በባዶ ሆድ ማለት ነው፣ ያልሰከረም ማለት ነው። አንድ ሽማግሌ ‹ኑኽተርን ነዎት?› ስትያቸው ጠጥተው እንደመጡ የጠረጠርሻቸው መስሏቸው ቢቀየሙሽ በእኔ ይሁንብሽ።

አሁን ደግሞ ለባለቤትሽ ፍትሐዊ ልሁን። ስለ አይቲ የተናገረው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። በተለይ በርሊን ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሠሩ የሶፍትዌር ድርጅቶች አሉ። ነገር ግን እነሱ የሚፈልጉት ለዓመታት ኮድ የጻፈ ሰው ነው። ጀርመን ለአይቲ ባለሙያ ያለ ዲግሪም ቢሆን ብሉ ካርድ የሚባለውን የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ትሰጣለች፣ ግን ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ ሦስት ዓመት የሠራበትን ልምድ ጠይቃ ነው። አንቺ ባለቤትሽ ዘንድ ስለምትሄጂ ያ ካርድ አያስፈልግሽም፣ በቤተሰብ ቪዛሽ መሥራት ትችያለሽ። ቁም ነገሩ አገሪቱ የምትፈልገውን ሰው ማየትሽ ነው። ፒያሳ ስድስት ወር ኦንላይን ኮርስ ወስደሽ የአምስት ዓመት ፋርማሲስትነትሽን በስድስት ወር ፕሮግራመርነት ለወጥሽ ማለት የምትታወቂበትን ትተሽ ማንም በማያውቅሽ ሰልፍ መጨረሻ ቆምሽ ማለት ነው። ደግሞ ማን አለ ፕሮግራመር አያወራም ያለው? በየጠዋቱ ስብሰባ አላቸው። ትናንት ምን ሠራሽ፣ ዛሬ ምን ትሠሪያለሽ፣ ምን አስቸገረሽ፣ እያሉ። ቦይን ያስታውሰኛል።

መካከለኛ መንገድ ግን አለ፣ እሱን ማንም አልነገረሽም መሰለኝ። ፍራንክፈርት ለአንቺ ሙያ ደህና ቦታ ናት። እዚያው ከተማዋ ውስጥ ሆኽስት የሚባል የኢንዱስትሪ ሰፈር አለ፣ ሳኖፊ የሚባለው ኩባንያ እዚያ መድኃኒት ያመርታል። ዳርምሽታት ውስጥ መርክ የሚባለው የመድኃኒት ኩባንያ አለ። ማይንትስ ውስጥ የኮቪድ ክትባቱን የሠራው ባዮንቴክ አለ። ሁለቱም ከተሞች ከፍራንክፈርት በባቡር አንድ ሰዓት አይሞሉም። ፋብሪካና ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለው ሥራ፣ የጥራት ቁጥጥር በይው፣ የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርት መከታተል በይው፣ ብዙው አፕሮባሲዮን አይጠይቅም፤ እንግሊዝኛም ከመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ይልቅ ብዙ ይሠራበታል። አንቺ ደግሞ አምስት ዓመት የተማርሽበት እንግሊዝኛ የፋርማሲ እንግሊዝኛ ነው። እዚያ ገብተሽ ደመወዝ እያገኘሽ፣ ማታ ጀርመንኛሽን እየገፋሽ፣ ወደ ባንኮኒው ትመለሺ ወይስ እዚያው ትቀሪ የሚለውን በሦስተኛው ዓመት ትወስኛለሽ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፤ እንግሊዝኛው ከተመቸሽ እሱም መጋዘን ይሆንብሻል፣ ትንሽ የተሻለ ወንበር ያለው መጋዘን።

እዚህ ስትጠብቂ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ቀጠሮ ለስንት ወር እንደሚራዘም አይታወቅም፤ ያ ጊዜ የአንቺ ነው። እዚያ ከደረስሽ በኋላ የቤት ኪራይ፣ ምናልባት እርግዝና፣ የባልሽ ሺፍት፣ ስንቱ ይጠብቅሻል። እዚህ ግን እናትሽ ምግብ ሠርታ ትጠብቅሻለች። ከስድስት ኪሎ አትራቂም፤ ጀርመንኛ የሚያስተምረው የጎተ ተቋም እዚያው ነው፣ ኤ2ን አሁኑኑ ተመዝገቢ። ገንዘቡ ከከበደሽ ከክፍሉ ልጆች ጋር ተሰብስበሽ አጥኚ። በዚያ በኩል ሳልፍ በየካፌው ጥግ መጽሐፍ ዘርግተው የሚያነበንቡ ልጆች አያለሁ፣ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ዓይኗን ጨፍና ለብቻዋ ስታወራ የምትጸልይ መስሎኝ ነበር፣ የግሥ እርባታ ኖሯል።

መድኃኒት ቤት ስትውዪ ደግሞ ትንሽ ደብተር ያዢ። ለደንበኛ የምትይውን እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ጻፊው፣ ማታ በጀርመንኛ ፈልጊለት። በቀን ስንት ጊዜ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ቢረሱት ደርበው እንዳይወስዱ፣ ከወተት ጋር አይሆንም። በሦስት ወር ሁለት መቶ ዐረፍተ ነገር ይኖርሻል። የቋንቋው መጽሐፍ ስለ ባቡር ጣቢያና ስለ ልደት ግብዣ ነው የሚያስተምርሽ፣ ያ ለፈተናው ነው። ደብተሩ ለእንጀራሽ ነው።

ሌላው ወረቀት ነው። የትምህርት ማስረጃሽን ብቻ ይዘሽ እንዳትሄጂ። የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር ይዘትና የሰዓቱን ብዛት የሚያሳይ ሰነድ ከዩኒቨርሲቲሽ አውጪ፤ እኩልነትሽን ሲመዝኑ የሚያዩት እሱን ነው። ከሩቅ ሆኖ በዘመድ ማስጨረስ ምን እንደሚመስል መቼም ታውቂዋለሽ፣ ሬጅስትራር ቢሮ አንድ ሰው ፈቃድ ወጥቷል ከተባለ ወንድምሽ ሦስት ጊዜ ነው የሚመላለሰው። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽም ላይ ፋርማሲስት ብቻ አይበል፣ ምን ምን እንደሠራሽ ይዘርዘር።

ስትደርሺም ለአዲስ ገቢዎች መንግሥት የሚደግፈው የውህደት ኮርስ አለ፣ 600 ክፍለ ጊዜ ቋንቋ፣ 100 ስለ አገሩ ሕግና አኗኗር፤ ቢ1 ድረስ ይወስድሻል። አንቺ ኤ2 ወይም ቢ1 ይዘሽ ከሄድሽ ከፍ ካለው ቦታ ትጀምሪያለሽ፣ ከዚያ ለሥራ የሚሰጠው የቢ2 እና የሲ1 ኮርስ አለ። በመሃል የጽዳት ሥራ ወይ የመጋዘን ሥራ ቢገኝና ብር ቢያስፈልግ ሥሪ፣ ነውር የለውም። ኮርሱን የሚበላ ሺፍት ግን እሺ አትበዪ። ይህን ገና ሳትሄጂ ከባለቤትሽ ጋር ተስማሙበት፣ ምክንያቱም እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ኪራይ ሲመጣ ‹ለጊዜው› የምትለዋ ቃል ትመለሳለች።

በነገራችን ላይ ጀርመን ዘመድ ሳይኖራቸው መሄድን የጠየቁኝ ሌሎች አንባቢዎችም አሉ፣ እግረ መንገዴን ለእነሱም፦ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ የሥራ መፈለጊያ የዕድል ካርድ አለ፣ በነጥብ ነው፣ ስድስት ነጥብ ያስፈልጋል። ለመግቢያ ጀርመንኛ ኤ1 ወይም እንግሊዝኛ ቢ2 ይበቃል። ነጥቡ ላይ ግን እንግሊዝኛ ሲ1 ያለው አንድ ነጥብ ሲያገኝ ጀርመንኛ ቢ2 ያለው ሦስት ያገኛል። 35 ዓመት ያልዘለለ ሰው በዕድሜው የሚያገኘው ሁለት ነው። ቢ2 ከወጣትነት ይበልጣል ማለት ነው፣ እንደኔ ላለችው ባልቴት መልካም ዜና።

ወደ አንቺ ልመለስና፣ ኤ1ን በሁለተኛው ሙከራ ነው ያለፍኩት ብለሽ እያፈርሽ ጽፈሻል። በጀርመንኛ የሚስቅብሽ የክፍል ጓደኛ የለሽም እኮ። በእንግሊዝኛ ሁላችንም የምናውቅ መስለን ስለምንኖር ስሕተት ያሳፍረናል፣ በጀርመንኛ ግን ከሕፃን እኩል ነሽ፣ ማንም ምንም አይጠብቅብሽም። ስትሳሳቺ ተሳሳቺ።

ባለቤትሽን ደግሞ አትከራከሪው። ‹አንተ እኮ አልቻልክም› የሚል ቃል ካፍሽ እንዳይወጣ። ዛሬ ማታ ስትደውዪለት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፦ እኔ ስመጣ በሳምንት ሁለት ማታ አብረን ኮርስ እንግባ ወይ? ኢንጂነሪንጉን እኮ አልረሳውም፣ ስምንት ዓመት ሳጥን ሲያነሣ እያንዳንዱ የመጋዘን ማሽን እንዴት እንደሚሠራ በዓይኑ ሲፈታ ሲገጥም ነው የኖረው። እሺ ካለሽ ጻፊልኝ። እንቢ ካለሽም ጻፊልኝ፣ ያኔ ሌላ ደብዳቤ ነው የምንጻጻፈው።